የእትዬ ከድጃ ጊሽጣ

ባለፈው ኅዳር ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ታች ስወርድ፣ በፎቆቹ መሐል ተወትፋ በቀረች አንዲት የፍራፍሬ መሸጫ በር ላይ አንድ ሽታ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ሙዝ ነው እንዳይሉት አናናስ አናናስ ይላል፤ አናናስ ነው እንዳይሉት ውስጡ የወተት ነገር አለበት። ሻጩ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ ነው፤ ዓይኔ ያረፈበትን አይቶ «ጊሽጣ ነው እናቴ፤ የደጋው ዓይነት ነው፤ በየሱቁ አያገኙትም። ልመዝንልዎት?» አለኝ። አንዱን አንሥቼ ቅርፊቱን ዳሰስኩት። የዚህኛው ጊሽጣ ቅርፊት እንደ ቆላው ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበት አይደለም፤ ሸክላ ሠሪ እርጥብ ጭቃ ላይ አውራ ጣቷን ደጋግማ የተጫነችበት ይመስላል። ሰው የልጅነቱን ሽታ ሲያገኝ ፈገግ ይላል ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ማን አየኝ ብዬ ግራና ቀኜን መቃኘት ነው። ፍሬውን መልሼ አስቀመጥኩና ሳልገዛ ሄድኩ፤ ልጁ ዋጋው የተወደደብኝ መስሎት «እንነጋገራለን!» እያለ ከኋላዬ ተጣራ።

ያደግሁት ቦሌ ሚካኤል ነው። ያኔ ሠፈሩ ዛሬ እንደሚታየው ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ አልነበረም፤ የጭቃ ቤቶቹ ከነጓሯቸው ራቅ ራቅ ብለው ተቀምጠው፣ አውሮፕላን ሲነሣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ውሾቹም ባንድነት ወደ ሰማይ ይጮኻሉ። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ በአንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ መስኮቱን የሚዘጋ፣ ሬዲዮ ሲከፍት ድምፁን እጅግ ቀንሶ ጆሮውን የሚለጥፍ ሰው ነው። የሚያዳምጠው የመንግሥትን ጣቢያ ነበር፤ የመንግሥትንም ቢሆን ጮክ አድርጎ መስማት ምን ተብሎ እንደሚተረጎም አይታወቅም ብሎ ይፈራል። ዘመኑ እንደዚያ ነው። ቀይ ሽብሩ ጋብ ብሏል ይባል ነበር እንጂ ሰው ገና በሹክሹክታ ነበር የሚነጋገረው፤ እኛ ልጆች እንኳ «ማን መጣ?» ስንባል ስም ከመጥራታችን በፊት የጠያቂውን ፊት እናይ ነበር።

እናቴ አስካለ ችግኝ ታፈላ ነበር። ችግኝ ስል ጎመንና ቃሪያውን ማለቴ አይደለም፤ እሱን ሁሉም ያፈላል። የእሷ ሌላ ሰው ቤት የማይገኘው ነበር፦ ካዝሚር፣ ዘይቱን፣ አጥር ላይ የሚሳበው ፓሽን ፍሩት፣ አንዳንዴም ስሙን እሷ ራሷ የማታውቀው ከሩቅ አገር የመጣ ፍሬ። ከቤታችን ጀርባ የወተት ዱቄትና የዘይት ጣሳዎች በየመጠናቸው ተሰልፈው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቅጠል ያወጣች ነፍስ ቆማ ትታያለች። ጠዋት ጠዋት የራሰው አፈር ሽታ እስከ መኝታዬ ይመጣ ነበር።

ነጋዴ መባል አሻጥረኛ ከመባል እምብዛም በማይርቅበት በዚያ ጊዜ፣ እናቴ «መሸጥ» የሚለውን ቃል ከአፏ አታወጣውም። «መለዋወጥ» ነው የምትለው። አንድ የካዝሚር ችግኝ በሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ዘይቱን በአንድ ሳሙና ይሄዳል፤ ወይም የቦሌ መንገድ ቪላዎች አትክልተኛ ከጌቶቹ ግቢ የቆረጠውን ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣና የኛን ይወስዳል። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ጎረቤት እንዳይጠረጥር ተብሎ እንደ ዘመድ ተስሞ ይገባል፣ የቤተሰብ ደህንነት እየተጠየቀ በጓሮ በር ይሸኛል። በዚህ የተነሣ ዘመዶቻችን ሁሉ ለምን ባዶ ጣሳ ይዘው እንደሚመጡ ሳይገባኝ ነበር ያደግሁት።

በዚህ ሥራ ጓደኛዋ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ግቢ የሚኖሩት እትዬ ከድጃ ነበሩ። ወሎዬ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀይ፣ ሲስቁ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ የሚሸፍኑ። ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነው በአዲስ አበባና በአሰብ መካከል ይመላለሳሉ፤ ሲመለሱ ሌላው ሹፌር ጨውና ቴምር ሲያወርድ እሳቸው ከኪሳቸው ዘር ነበር የሚያወጡት። ሁለቱን ግቢዎች የሚለየው የቁጥቋጦ አጥር መሐሉ ላይ ሰው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበረው፤ እናቴና እትዬ ከድጃ ቀኑን ሙሉ በዚያ ቀዳዳ ሲመላለሱ ይውላሉ። በበዓል ሥጋችን አይገናኝም፤ የነሱን እኛ አንበላ፣ የኛን እነሱ አይበሉ። ፍሬ ግን ማን ባረከው፣ ማን አረደው አይባልም። በፋሲካም በኢድም በቀዳዳው የሚያልፈው ሰሐን ፍሬ የሞላበት ነበር።

እኔ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል፣ ጋሽ ሰይድ ከአንድ የመርከብ ወጥ ቤት የተቀበሏቸውን አምስት ጥቋቁር የሚያብረቀርቁ ዘሮች በሲጋራ ወረቀት ጠቅልለው አመጡ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሳ አፈሏቸው፤ ሁለቱ ብቻ በቀሉ። ክንድ ያህል ሲሆኑ እትዬ ከድጃ «ምረጪ፣ አስኩ» አሏት እናቴን፣ እሷም ረዘም ያለውን መረጠች። ይህንን የምለው በኋላ እናቴ ራሷ ስለረሳችው ነው።

በአምስተኛው ዓመት ሁለቱም ዛፎች አበቡ። አበባው አበባ አይመስልም፤ ሦስት ወፋፍራም አረንጓዴ ጣቶች አንገታቸውን ደፍተው የተንጠለጠሉ ነው የሚመስለው። ሽታው ግን ከፍሬው ቀድሞ ይመጣል፤ ማታ ማታ የሚበላ ነገር የተሰቀለበት ዛፍ ሥር የቆሙ ያህል ምራቅ ያስውጣል። በዚያ ዓመት የሁለቱም አበባ ረገፈ። በተከታዩ ዓመት ግን የእትዬ ከድጃ ዛፍ ዘጠኝ ጊሽጣ ያዘ፤ የኛው አንድም አልያዘም። እትዬ ከድጃ የመጀመሪያውን ፍሬ ለሁለት ቆርሰው ግማሹን በቀዳዳው ሰጡን። ነጭ ሥጋው በማንኪያ ይዛቃል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የበላሁት። እናቴ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና «ግሩም ነው» አለች፤ ከዚያ ዘሩን አንድ በአንድ ከሰሐኑ ለቅማ ማየት ጀመረች። የእትዬ ከድጃ ግማሽ ስንት ዘር እንደነበረው እያሰበች እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። «ዘመዶቻችን» ሁሉ የዚያን ጊሽጣ ችግኝ ፍለጋ ወደ ቀጣዩ ግቢ ያልፉ ጀመር፤ ሳሙናውም ስኳሩም አብሮ አለፈ። እናቴ መጀመሪያ መካኑን ሰጥታኛለች አለች። ቀጥላ ሌሊት ጨው ያፈሰሱበት ይሆናል ብላ ከሥሩ አፈር እያነሣች ትቀምስ ነበር። ከዚያ ዓይን ነው አለች። የሚካኤልን ጠበል በጆግ አምጥታ ከጫፍ እስከ ሥሩ ረጨችው፤ ዛፉ ግን አልጮኸም፣ አልለፈለፈም፣ አበባውን ማርገፉንም አልተወም። አባቴ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሴትዮ» ይላታል። ከፊት ለፊት ግን ከእትዬ ከድጃ ጋር ሲገናኙ እንደ ድሮው ነው፤ መሳሳሙም፣ ሰሐኑም፣ ሳቁም አልጎደለም። አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

በሚቀጥለው ግንቦት፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ድመታችንን ፍለጋ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቴን ሳስገባ እትዬ ከድጃን ዛፋቸው ሥር አየኋቸው። በግራ እጃቸው ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ በቀኛቸው እንደ ሠዓሊ ያለ ቀጭን ብሩሽ ይዘዋል። ብሩሹን ብልቃጡ ውስጥ ይነክሩና ወደ አንዱ አበባ ውስጥ በቀስታ አስገብተው ያዞሩታል፤ በየአበባው «ቢስሚላሂ» ይላሉ። ከብሩሹ ጫፍ ላይ ቢጫ ዱቄት ሲረግፍ የማታዋ ፀሐይ አሳየችኝ። ደጋግመው ወደ በሩ ይመለከቱ ነበር፤ ተደብቀው እንደሚሠሩ ያወቅሁት በዚያ ነው። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ትልቅ ሰው የሚፈልገውን ወሬ ይዞ መምጣት እንዴት እንደሚያስደስት የሚያውቅ ያውቃል። እናቴ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ «ቢጫ? ዱቄት? በብልቃጥ?» እያለች።

በማግስቱ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር መጥቷል ተባለና ሰልፍ ያዝን። እናቴ ከኋላዋ ለቆመችው ሴት፣ ስሟን እንኳ በቅጡ ለማናውቃት የሰልፍ ጓደኛ፣ ጆሮዋ ሥር ገብታ «ጎረቤቴ እኮ በብልቃጥ የያዘችው ቢጫ ዱቄት አለ፤ ባልዋ ከአሰብ የሚያመጣላት ይሆናል፤ ማንም ሳያይ ነው የምትሠራበት» አለቻት። መተት ለማለት ነበር። ሴትዮዋ «ዱቄት?» አለች። እናቴም «ዱቄት» አለች። ወዲያው ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ እኛም ስኳራችንን ይዘን ሄድን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እነ እትዬ ከድጃ ግቢ ነበርኩ። እሳቸው ገበያ ወጥተው፣ ታናሽ እህታቸው ሐዋ ፀጉሬን እየሠራችኝ ነው። ሐዋ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥታ ከእህቷ ጋር የምትኖር፣ የአሥራ ስምንት ወይም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ በየቀኑ ከሰዓት ቀበሌ እየሄደች መሠረተ ትምህርት ትማራለች፣ የተማረችውን ፊደል እኔ ራስ ላይ በጣቷ እየጻፈች «ይኼ ምንድነው?» ትለኛለች። ግማሽ ራሴ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ፣ አራት አብዮት ጠባቂዎች በሩን ገፍተው ገቡ። ጋሽ ሰይድ ባለፈው ቀን ከአሰብ ገብተው ተኝተው ነበር፤ በሽርጣቸው ወጡ።

«ባሩዱ የታለ?» አለ የመጀመሪያው።

«የምን ባሩድ?» አለች ሐዋ።

«በብልቃጥ ያለው ነዋ። ቢጫው።»

ያንን ቃል ከዚህ ግቢ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጡ ችግኙን ከነአፈሩ ዘረገፉት፤ ከጊሽጣው ሥር እስከ ጉልበት ቆፈሩ፤ ፍራሽ ቀደዱ። በመጨረሻ ብልቃጡን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አገኙት። አንደኛው ከፍቶ አሸተተና «ይኼ የቅመም ነገር ነው» ሲል፣ ሌላው «አንተ ባሩድ የት ታውቅና!» ብሎ ተቆጣው። ብልቃጡንና ብሩሹን በመሐረብ ጠቅልለው፣ ጋሽ ሰይድን መሐል አድርገው ሄዱ። ሐዋ እጇ ፀጉሬ ውስጥ እንዳለ ደርቃ ቀርታ ነበር። ግማሽ ራሴን ይዤ በቀዳዳው ሮጥኩ።

በማግስቱ ማለዳ እትዬ ከድጃ ራሳቸው በዚያው ቀዳዳ መጡ። ዓይናቸው አብጧል። እናቴን በእጇ ይዘው ወደ እኛ ዛፍ ወሰዷትና አንዱን አበባ ገልጠው አሳዩዋት።

«አስኩ፣ ይኼ አበባ መጀመሪያ ሴት ነው፣ በማግስቱ ወንድ ይሆናል። ሴቷ ስትከፈት ወንዱ አልደረሰም፤ ወንዱ ሲደርስ እሷ ተዘግታለች። በአገሩ የሚያገናኛቸው ጥንዚዛ አለ አሉ፤ እዚህ የለም። የወንዱን ዱቄት ሰብስቦ ለሴቷ የሚያደርስላት ሰው ይፈልጋል። የቪላው አትክልተኛ ነው ያስተማረኝ፤ የሁለት ወር ስኳራችንን ሰጥቼው። ሌላ ምንም የለበትም፣ በአላህ!»

እናቴ ለረጅም ጊዜ አበባውን ስታይ ቆየች። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስትል ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

እትዬ ከድጃ አንገታቸውን ደፉ። «ያንቺም ካፈራ የኔን ማን ይፈልገዋል ብዬ። ልነግርሽ ነበር። ከርሞ እነግራታለሁ እያልኩ።» ከዚያ እጇን አጥብቀው ያዙ። «እኔ ብናገር ሚስቱ ናት ይላሉ። አንቺ ቀበሌ ቀርበሽ ዱቄቱ የአበባ መሆኑን መስክሪልኝ።»

አባቴ ይህን ሲሰማ መስኮቱን ዘጋ። «ገና በሩን ስትረግጪ አንቺስ ከየት አወቅሽ ይሉሻል» አለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፋች፣ ከዛፋችን ሁለት አበባ ቆረጠች፣ ግማሽ የተሠራ ፀጉሬን በሻሽ አሥራ እጄን ይዛኝ ወጣች። ልጅ የያዘችን ሴት አያስሯትም ብላ ይመስለኛል።

የቀበሌው አዳራሽ የቀዘቀዘ፣ የኖራና የላብ ሽታ ያለው ክፍል ነበር። ሊቀመንበሩ ከብልቃጡ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። እናቴ አበባውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ያን ጠዋት የተማረችውን ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው አስመስላ አስረዳች። ጸሐፊው ወጣት ነበር፤ «እንዲህ ከሆነማ ሴትዮዋ ደላላ ናት!» ብሎ ሲስቅ ጥበቃዎቹም አብረው ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

«የአበባ ከሆነ ለምን ይደበቃል? ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?»

«ጎረቤት እንዳይቀማት ነዋ፣ ጓድ።»

«የትኛው ጎረቤት?»

«እኔ» አለች እናቴ።

ሊቀመንበሩ ወደፊት ጎንበስ ብሎ «ታዲያ ዱቄት አለ ብሎ ወሬውን ያወጣው ማነው?» አላት። የእናቴ እጅ ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቀ። «እሱንማ እርስዎ ያውቃሉ እንጂ እኔ በምን አውቄ» አለች። እኔ የወለሉን ሲሚንቶ ስንጥቅ አየሁ።

ጋሽ ሰይድ የተፈቱት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከስተው፣ ሲራመዱ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። የአሰቡ መኪና ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለነበር ከዚያ ወዲያ ከተማ ውስጥ አሸዋ ነበር የሚያመላልሱት፤ ዘር ከኪሳቸው ሲያወጡ ዳግመኛ አላየሁም። እትዬ ከድጃ እናቴን በአደባባይ አቅፈው አለቀሱ፤ «እህቴ አንቺ ነሽ» አሏት። እህቴ አንቺ ነሽ ያሏት ሌላዋን እህታቸውን መጠርጠር ጀምረው ስለነበር ነው። ከጥበቃዎቹ አንዱ «ከቤታችሁ ያልወጣ ወሬ ከየት ይመጣል?» ብሏቸዋል። ከቤቱ ውስጥ ደግሞ በየቀኑ ቀበሌ የምትሄደው ሐዋ ብቻ ነበረች። ፊደል የቆጠረችበት አዳራሽ የእህቷን ባል ካሳሰረው አዳራሽ ጋር አንድ ነው። ሐዋ ማለች፤ ቁርአን ይዛ ማለች፤ ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ስትምል እንሰማ ነበር።

አንድ ጠዋት ሐዋ ልብሷን በካርቶን አሥራ በቀዳዳው ወደ እኛ ግቢ ገባች። እናቴ ችግኝ እያጠጣች ነበር። «እትዬ አስካለ፣ እርስዎን ትሰማለች። አንድ ቃል ብቻ ይንገሩልኝ። ሐዋ አይደለችም ይበሉልኝ» አለቻት።

እናቴ ጣሳውን ዝቅ አላደረገችውም፤ ውኃው ሞልቶ እየፈሰሰ ነበር። «የእህትማማች ነገር ነው፣ ልጄ። ይበርዳል» አለቻት።

ሐዋ ጥቂት ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ሻሼን አስተካከለችልኝና በእኛ በር ወጥታ ሄደች፤ በእህቷ በር ማለፍ ስላልፈለገች ይሆናል። የወሎን አውቶቡስ ይዛ እንደሄደች ሰማን። ማታ «እማዬ፣ ሐዋ እኮ አይደለችም» ስል እናቴ መዳፏን አፌ ላይ አደረገች፤ መዳፏ እርጥብ አፈር አፈር ይል ነበር። «አባትሽ እንዲወሰድ ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። አልፈልግም ነበር። ዝም አልኩ፤ ዝምታውም ሰፋኝና ለብዙ ዓመት ለበስኩት።

በተከታዩ ግንቦት እትዬ ከድጃ አዲስ ብሩሽ ይዘው መጥተው የኛን ዛፍ ራሳቸው አበባ በአበባ ሠሩልን፤ የምስክርነቷ ውለታ ነው። ኅዳር ላይ ዛፋችን አሥራ አንድ ጊሽጣ ያዘ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የናፈቀችውን እናቴ አንዱንም አልቀመሰችም። «ጥርሴን ያመኛል» ብላ ሁሉንም ለሚካኤል ደጅ ነዳያን አደለች። በዚያው ወር የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ዘጋችው። ዶሮ እየገባ ችግኝ ጫረብኝ ነው ያለችው። እትዬ ከድጃ አልጠየቁም። ከዚያ በኋላ ሰሐኑ በዋናው በር ይመጣ ጀመር፤ ታጥቦ፣ ተሸፍኖ፣ ምስጋና ተነግሮለት። በቀዳዳ እንደሚመላለሰው ሰሐን ግን አይሆንም፤ በበር የሚመጣ ሰሐን እንግዳ ነው። እንዲህ ሆነን ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ተጎራበትን።

ደርግ ወደቀ፤ የቀበሌው አዳራሽ ሌላ ሥራ ያዘ፤ ጓሮዎቹ እየተቆረሱ ቤት ሆኑ። አባቴ ሞተ፣ ጋሽ ሰይድም ሞቱ። እናቴም አረፈች። በመጨረሻው ሳምንቷ አንድ ሁለት ጊዜ «ያቺ ልጅ» ብላ ጀምራ ነበር፤ እኔም «የትኛዋ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ የትኛዋ እንደሆነች እያወቅሁ። መልሳ ዝም አለች። እንዳትናገር የከለከልኳት እኔ ነኝ ብዬ አስባለሁ፤ «አዎ፣ እሷ» ብላት ኖሮ ትጨርሰው ነበር።

ያን የፍራፍሬ ሱቅ ባለፍኩ በሳምንቱ ጎሮ ሄድኩ። እትዬ ከድጃ እዚያ ከልጃቸው ከአሕመድ ጋር ይኖራሉ፤ ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሳቃቸው ግን ያው ነው፤ አሁንም አፋቸውን ይሸፍናሉ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀዳዳውን፣ ብሩሹን፣ ሰልፉን፣ እናቴ ጆሮ ሥር የተናገረችውን። እየተናገርኩ ፊታቸውን አላየሁም። ስጨርስ እጃቸው ብርድ ልብሱን ደጋግሞ ያስተካክል ነበር።

«ቁርአን ይዛ እኮ ነው የማለችልኝ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አስኩን ሳይ ነበር። አስኩ አይደለችም ካለች አይደለችም፣ አስኩ ዝም ካለች ግን የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው አልኩ። ዝምታዋን ነው ያመንኩት።»

ሐዋ ኮምቦልቻ አግብታ አምስት ልጆች ወልዳለች፤ አንዱን ቀብራለች። እትዬ ከድጃ ሠርጉንም፣ ወሊዱንም፣ ለቅሶውንም አላዩም። ጋሽ ሰይድ ሲሞቱም «እንዳትነግሯት» ብለው የከለከሉት ራሳቸው እትዬ ከድጃ ነበሩ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከነገሩኝ በኋላ ልጃቸውን ጠሩና «የአክስትህ ስልክ ይገኛል?» አሉት። አሕመድ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ቁጥሩ እሱ ስልክ ውስጥ ነበር፤ ለካ በየኢዱ ተደብቆ ይደውልላት ኖሯል። ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ እናቱ እጅ ላይ አኖረላቸው።

ከወዲያ ማዶ የሕፃን ልቅሶና የዶሮ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ «አቤት፣ አሕመድ» አለ።

«ሐዋ» አሉ እትዬ ከድጃ። «እኔ ነኝ።»

ልቅሶውም ዶሮውም ቀጠለ፤ ሴትየዋ ግን ጠፋች። አንድ በር ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ ድምፅዋ ቀስ ብሎ፣ ለመርዶ እንደተዘጋጀ ሰው ረግቶ ተመለሰ።

«ማን ሞተ?»

እትዬ ከድጃ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ በዚህ ጊዜ ግን እየሳቁ አልነበረም። «ማንም… ማንም አልሞተም» አሉ። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። እህት የእህቷን ድምፅ ስትሰማ ሞት ብቻ የሚመጣባት እንድትሆን ያደረግነው በአንድ ቃል አይደለም፤ ቃሉንማ ሰልፍ ላይ ተናግረን ስኳራችንን ይዘን ሄደናል። ያንን ቃል ለመመለስ በየቀኑ አንድ ጠዋት ነበረን፤ ያን ሁሉ ጠዋት ነው ያጠፋነው። የዛፉን፣ የጓሮውን፣ የሠፈሩን መጥፋት ሰው ይለምደዋል።

እትዬ ከድጃ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ። «እኔ አልችልም፤ አንቺ ንገሪያት» አሉኝ።

ተቀበልኳቸው።

«ሃሎ?» አለች ሐዋ። «ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኳት። ቀጥዬም የእናቴን ስም።